በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ሳይክል የትኛው የሙቀት መለኪያ፣ የትኛው ማቀዝቀዣ?

ቦክሰርም ይሁን ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ፍጥነቱን፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትርና የነዳጁን መጠን ታያላችሁ፤ የሞተሩን ሙቀት ግን አታዩም። በውሃ የሚቀዘቅዝ መኪና ሲግል መርፌው ይነሳል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ሹፌሩም ዳር ይዞ ይቆማል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ራዲያተር ስለሌለው የሚፈላበት ነገር የለም። ጉልበቱ ይደክማል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ያኔ ወጪው የሲሊንደር፣ የፒስተን፣ የቀለበትና የእጅ ዋጋ ነው።

ከዚህ በታች አምስት ዓይነት መለኪያዎችን እናነጻጽራለን፤ ከዚያም ሙቀት ይቀንሳሉ ተብለው ከሚሸጡት ነገሮች የትኞቹ ገንዘብ እንደሚገባቸው እንናገራለን። አቋማችንን ከወዲሁ ለማስታወቅ ያህል፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ሞተር ለሚነዳ አብዛኛው ሰው ቋሚ ጌጅ የመጀመሪያው ግዢ መሆን የለበትም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ መለኪያው የትኛውን ጥያቄ እንዲመልስላችሁ እንደምትፈልጉ ነው።

ቴስታታው ወይስ ዘይቱ?

በሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት በየቦታው የተለያየ ነው፤ ለነጂው የሚጠቅሙት ግን ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ካንዴላው ሥር የሚለካው የቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሩ የላይ ክዳን፣ ሙቀት ነው። ይህ ፈጣን ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በአሥር በአሥር ዲግሪ እየዘለለ ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። ሁለተኛው የዘይቱ ሙቀት ነው። ዘይት ቀርፋፋ ስለሆነ ጧት ከተነሳችሁ በኋላ ሙቀቱ ልኩ ላይ ደርሶ እስኪረጋ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከጋለም በኋላ ለመብረድ እንዲሁ ይዘገያል።

ስለዚህ «አሁን በያዝኩት ማርሽና ጭነት ሞተሩን እየጎዳሁት ነው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ያለው ቴስታታው ላይ ነው። «ይህ ዘይት ለሥራዬ ይችላል ወይ? መቼ ልቀይረው?» ለሚል ደግሞ መልሱ ያለው ዘይቱ ዘንድ ነው። አንዱን ለክቶ የሌላውን ጥያቄ ለመመለስ መሞከር ብዙ ሰው ያሳስታል። ዳገቱን ጨርሶ ዘይቱን የለካ ሰው 100 ዲግሪ አይቶ «ሰላም ነው» ሊል ይችላል፤ ቴስታታው ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከገደቡ አልፎ ነበር።

ለአንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ትንሽ ሞተር እንደ መነሻ የሚያገለግሉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ካንዴላ ሥር በሚገባ ቀለበት ሲለካ፣ በሜዳ መንገድ ከ120 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደ ነው። በረጅም ዳገት ላይ 200 እና 210 ቢታይ አያስደነግጥም፤ 230 ከደረሰና መውጣቱን ካላቆመ ግን ነዳጅ መቀነስ ግድ ነው። አሉሚኒየም ከ200 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ጥንካሬው እየላላ ይሄዳል፤ የቴስታታው ፊት የሚጣመመውና ጓርኒሲዮኑ የሚያልፈው ከዚህ የተነሳ ነው። ለዘይቱ ከ80 እስከ 110 ጥሩ ነው። 120 ሲያልፍ ክትትል፣ 140 ሲደርስ ማቆም ያስፈልጋል። ዘይቱ ሁልጊዜ ከ80 በታች ቢሆንም ጤና አይደለም፤ ከቃጠሎው የሚመጣው እርጥበት ሳይተን ይቀርና ዘይቱ ከክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት ይሠራል።

ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የሚበልጠው የራሳችሁ ሞተር የተለመደ ቁጥር ነው። በአንድ በሚታወቅ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለክታችሁ ጻፉት። ዛሬ 165 የሚያነብ ሞተር ከሁለት ወር በኋላ በዚያው መንገድ 190 ካነበበ፣ 190 ራሱ አደገኛ ባይሆንም አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሲቆም ቁጥሩ ከፍ ማለቱም አያስፈራችሁ። ነፋሱ ስለሚቋረጥና በውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ የካንዴላ ሥር ንባብ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምራል።

አምስቱ መለኪያዎች

በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር በጣም የተለመደውና በጣም የሚያሳስተው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ምንም አይፈታም፣ ምንም አይገጠምም፣ አንዱ መሣሪያ ለአሥር ሞተር ይበቃል። ችግሩ የሚያነበው ብረቱ የሚለቀውን ጨረር መሆኑ ነው። ቀለም ያልተቀባ፣ የሚያንጸባርቅ አሉሚኒየም የሚለቀው ጨረር በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ 150 ዲግሪ የሆነ ቴስታታ 60 ወይም 70 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ርካሾቹ ሽጉጦች ይህን ማስተካከያ የላቸውም፤ ሁሉንም ነገር እንደ ጥቁር ወለል ይቆጥሩታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ካንዴላው አጠገብ ያለውን ጠፍጣፋ ቦታ በቤንዚን ጠርጋችሁ፣ ለማርሚታ የሚሸጠውን ሙቀት የሚችል ደብዛዛ ጥቁር ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም በሚያህል ስፋት ቀቡት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ለኩ። በሙሉ ጥቁር የተቀቡ ሞተሮች ላይ ይህ ችግር እምብዛም የለም።

ርቀትም አለው። ሽጉጡ ላይ 12 ለ 1 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ12 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚለካው 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክቡ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ክንፎቹን፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተትና የኋላውን ፍሬም ቀላቅሎ አማካዩን ይሰጣል። ቀዩ ነጥብ ማነጣጠሪያ ብቻ ነው። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጉድለት እየተነዳ አለመለካቱ ነው፤ የምታዩት ከቆማችሁ በኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በቆማችሁ በ20 ሰከንድ ውስጥ ለኩ፤ አለበለዚያ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ካንዴላ ሥር የሚገባው ቀለበት ከቋሚ መለኪያዎች ሁሉ የምንመርጠው ነው። ከመዳብ የተሠራች ቀለበት ከካንዴላው ጋር ትታሰርና ሽቦዋ መሪው ላይ ወዳለች ትንሽ ማሳያ ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት የካንዴላውን ጥርስ ስፋት በካሊፐር ለኩ፤ አዳዲሶቹ ትንንሽ ባለ አራት ምቶች ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዶቹ 12፣ እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ ባለ ሁለት ምቶች ደግሞ 14 ናቸው። የ14ቱን ቀለበት ለ10ሩ ካንዴላ ገዝተው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

አገጣጠሙ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀለበቷ በካንዴላው የራሱ ቀለበት ላይ ተደርባ ከታሰረች ካንዴላው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይቀራል። አምራቹ የራሱን ቀለበት አውጡ ካለ አውጡት። አዲስ ካንዴላ በጣት እስኪቆም ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ይጨመርለታል፤ የማይጨፈለቅ የመለኪያ ቀለበት ሲሆን ግን የዙሩ አንድ ስምንተኛ ይበቃል። የአሉሚኒየም ጥርስ ከተላጨ መመለሻው ከመለኪያው ዋጋ ይበልጣል። ሽቦዋን ከካንዴላው ገመድና ከማርሚታው አርቁ፤ ወደ ገመዱ ከተጠጋች ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይዘላል። ሽቦዋ አጠረች ብሎ በተራ የመዳብ ሽቦ መቀጠልም ንባቡን ያዛባል፤ የቴርሞካፕል (ሁለት ዓይነት ብረት ተጋጥሞ የሚሠራ የሙቀት መለኪያ) ሽቦ የሚቀጠለው በራሱ ዓይነት ሽቦ ነው። ቀለበቷን የሽቦው መውጫ ወደ ኋላ እንዲዞር አድርጋችሁ እሰሩ፤ ፊት ለፊት ከሆነች ነፋሱ በቀጥታ እየመታት ዝቅ ያለ ቁጥር ትሰጣለች።

መልቲሜትር ያለው ሰው ሌላ አማራጭ አለው። ዲቲ-838 የሚባለው ርካሽ መልቲሜትር የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ይቀበላል፤ ጫፏን ከቴስታታው ክንፎች ሥር በትንሽ ብሎን ወይም ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ መያዝ ይቻላል። ለቋሚ አገልግሎት አይሆንም፤ ዝናብና ንዝረት ያበላሹታል። ለምርመራ ግን፣ ማለትም ካርቡራተሩ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ለማየት፣ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ አያንስም። ለጋራዥ ምርጫችን ይኸው ነው።

የዘይት መክፈቻ ክዳን ላይ የሚገባው ቴርሞሜትር ያለ ባትሪ፣ ያለ ሽቦ ይሠራል። የሚነበበው ቆማችሁ ስታዩት ብቻ ቢሆንም ዘይት ቀርፋፋ ስለሆነ ይህ አይጎዳም። ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ የጥርሱ ልክ ከክዳናችሁ ጋር አንድ መሆኑን፣ የዘንጉ ርዝመትም ዘይቱን የሚነካ ግን ከውስጥ የሚሽከረከረውን የፍሪሲዮን ጥርስ የማይነካ መሆኑን። የድሮውን ዲፕስቲክ (የዘይት መጠን ማያ ዘንግ) እና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። በርዝመት የሚበልጥ ከሆነ አትግጠሙት። ከሥር በዘይት መድፊያው ብሎን ቦታ የሚገባ ሴንሰርም ይሸጣል። በጠጠር መንገድ ለሚሠራ ሰው አንመክረውም፤ አንድ ድንጋይ ሴንሰሩን ሲሰብር ዘይቱ በሙሉ ይፈሳል።

የመጨረሻው ሙቀትን አይቶ ቀለሙ የሚለወጥ ተለጣፊ ወረቀት ነው። የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ያሳያል፣ ቀለሙም አይመለስም። ሞተሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ለሚያሠራ ባለቤት ወይም ብዙ ሞተሮች ላሉት የመሥሪያ ቤት ክፍል ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምስክር የለም። ለነጂው ራሱ ግን ዘግይቶ የሚነግር ነው። በሞተሩ የጎን ክዳን ላይ፣ ዘይቱ ባለበት ከፍታ፣ በደንብ በተጠረገ ቦታ ይለጠፋል፤ የሚያሳየው ከዘይቱ ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ነው።

መለኪያውን በፈላ ውሃ መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ መሆኑን አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው 92 ገደማ፣ ባሕር ዳር 94 ገደማ፣ ድሬዳዋ 96 ገደማ፣ ጋምቤላ 98 ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92 ያነበበ ቴርሞካፕል ደህና ነው፤ «8 ዲግሪ ይቀንሳል» ብሎ መጣል ወይም 8 መደመር ስህተት ነው። ቀለበቷን ውሃው መካከል አንጠልጥሉ፣ የድስቱን ታች አታስነኳት።

ለማን የትኛው?

ከተማ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ወይም ሰው የሚያመላልስ ነጂ ችግሩ መቆምና መነሳት፣ በዝግታ መሳብ ነው። ለእሱ ጥቁር ነጥብ የተቀባ ቴስታታና ከጓደኞቹ ጋር በጋራ የተገዛ ሽጉጥ፣ ሲቻል ደግሞ የዘይት ክዳን ቴርሞሜትር ይበቃዋል። በወር አንድ ጊዜ ለክቶ ይጽፋል።

ረጅም ዳገት ከጭነት ጋር የሚወጣ ሰው ግን ከዚህ ይለያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁልና ሽቅብ ያደርጋል። ሽቅቡ ላይ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ብዙ ነዳጅ ይበላል፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነፋሱ ጥቂት ነው፤ ከበረሃው የሚነሳው አየርም ሞቃት ነው። እዚህ የካንዴላ ቀለበቱ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ምክንያቱም ማርሽ መቼ መቀነስ እንዳለበት በዚያው ቅጽበት ይናገራል። በቆላ የሚሠሩ የግብርናና የጤና ሠራተኞች፣ በአፋር ወይም በመተማ፣ ሁለቱንም ቢይዙ ይሻላል፤ ቅድሚያ ግን ዘይቱ ነው፣ የአካባቢው አየር ራሱ 40 ዲግሪ ሲሆን ዘይቱ የሚያርፍበት ጊዜ የለምና።

ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭላቸው አዳዲስ ሞተሮች ሞተሩ ላይ የራሳቸው የሙቀት ሴንሰር አላቸው። ለእነሱ ሌላ ከመግጠም በፊት በመመርመሪያ መሣሪያ ያንኑ ማንበብ ይቀድማል።

ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት

ትንሽ ሞተር ከሚያቃጥለው ቤንዚን ጉልበት ወደ ጎማ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው በማርሚታ፣ በክንፎቹና በዘይቱ ይወጣል። ሙቀቱ የጨመረ ሞተር ወይ ብዙ ሙቀት እየፈጠረ ነው፣ ወይ መውጫው ተዘግቷል። አብዛኛው ጊዜ ምክንያቱ ምንም ዕቃ ሳይገዛ ይገኛል።

ክንፎቹን ተመልከቱ። በክረምት ጭቃ፣ ከዘይት ጋር የተለወሰ አቧራ በክንፎቹ መካከል ሲደርቅ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ይይዛል። በሞተሩ ቀዝቃዛ ሰዓት በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አርሳችሁ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ እጠቡ። በተለይ ከፊት ጎማው በኩል የማይታየውን ታችኛውን ክፍል አትዝለሉ። ክንፎቹን ለማሳመር በወፍራም የዘይት ቀለም መቀባት ሙቀቱን ያፍናል፤ ስስ ደብዛዛ ጥቁር ግን አይጎዳም። ከእግር መከላከያው ብረት ላይ ለብርድና ለዝናብ ሸራ ወይም ላስቲክ የታሰረ ከሆነ፣ በበጋና በዳገት አንሱት፤ ነፋሱን ከቴስታታው የሚያግደው እሱ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ላይ ደግሞ ነፋሱን የሚያመጣው ማራገቢያና በሞተሩ ዙሪያ ያለው የቆርቆሮ ሽፋን ነው። ለጥገና ተብሎ ወልቆ ሳይመለስ የቀረ ሽፋን ሞተሩን ያለ ማቀዝቀዣ መተው ነው።

ቀጥሎ የዘይቱ መጠን። አንድ ሊትር ገደማ ዘይት በሚይዝ ሞተር ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር ቢጎድል፣ ሙቀት ተሸካሚው ሩብ ያህል ቀንሷል። በየሳምንቱ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ፈልጉ። በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጎማ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የሚገባው ተጨማሪ አየር የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ ያቀጥነዋል፣ ቴስታታውም ይግላል። ሚኒሞ ላይ እያለ በጎማው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው።

ቫልቮችም ድርሻ አላቸው። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስረክበው ተዘግቶ መቀመጫውን ሲነካ ነው። ክፍተቱ ከጠፋ በደንብ አይዘጋም፣ ይቃጠላል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ክፍተቱ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፣ ትክክለኛውን ከሞተራችሁ መመሪያ ውሰዱ፤ የሚለካውም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ነው። «ድምፅ እንዳይኖረው» ብሎ ማጥበቅ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ትንሽ የሚንኳኳ ቫልቭ ከጠበበ ቫልቭ ይሻላል። የሚይዝ ፍሬንና ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴናም ሞተሩን በከንቱ ያስለፉታል። ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት፤ ወዲያው ከቆመ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አወቃችሁ።

10ደብልዩ-30 ወይስ 20ደብልዩ-50?

እነዚህ የዘይት ውፍረት ቁጥሮች ናቸው፤ የኋለኛው ቁጥር ሲበልጥ ዘይቱ ሲግል ይበልጥ ወፍራም ነው። አምራቹ ያለው ይቀድማል፤ ከዚያ ውጭ መሄድ ያለበት ምክንያት ያለው ሰው ነው። በ100 ዲግሪ ላይ ባለ 50ው ዘይት ከባለ 30ው እጅግ ይወፍራል፤ ስለዚህ ሲግል በብረቶች መካከል ያለው ሽፋን ይጸናል። ይህ ማለት ግን ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል ማለት አይደለም። ወፍራም ዘይት ቀስ ብሎ ይፈሳል፣ ራሱም ግጭት ይፈጥራል። አምራቹ 10ደብልዩ-30 ያዘዘለትን አዲስ ሞተር ደጋ ላይ በ20ደብልዩ-50 መንዳት ትርፍ የለውም። በቆላ የሚሠራ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ዘይቱ በተደጋጋሚ ከ120 የሚያልፍ ሞተር ከሆነና መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ግን ወፍራሙ ተገቢ ነው።

ከውፍረቱ የማያንሰው ጃሶ የሚባለው የጃፓን የዘይት ደረጃ ምልክት ነው። ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የተጻፈበት ዘይት ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ለሚዋኝ ሞተር የተዘጋጀ ነው። ኤምቢ የተጻፈበት ለስኩተር ነው። ነዳጅ ይቆጥባል የተባለ ስስ የመኪና ዘይት ከገባ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ መንሸራተት ደግሞ በራሱ ሙቀት ነው፣ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አይጨምርም። ሲንተቲክ ከተራው ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ ዋጋውም ይበልጣል። ዘይት በየ10 ዲግሪ ጭማሪ የሚበላሽበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ተራ ዘይት የሚጠቀም የቆላ ነጂ የመቀየሪያ ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ቢቀንስ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜም ከሲንተቲክ ይረክሳል።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ካርቡራተር

አገራችን ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይህ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ካርቡራተሩ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ በአንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያሳንሳል፣ ሞተሩም እንደ ልብ ይሄዳል፤ ትክክል ነው። ያው ሞተር ወደ ሰመራ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ድብልቁ ይቀጥናል። ቀጭን ድብልቅ፣ ሞቃት አየርና ሙሉ ጉልበት ባንድ ላይ ሲመጡ ፒስተን ይቀልጣል። ለደጋ ጄቱን ያሳነሰ ሰው የፋብሪካውን ጄት በላስቲክ ጠቅልሎ ከመፍቻዎቹ ጋር ይያዝ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ብዙ ቀን የሚቆይ ከሆነ ይመልሰው። መንገድ ላይ መቀየር ካልተቻለ የጄቱን መርፌ አንድ ጥርስ ከፍ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፤ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ግን የሚወስነው ዋናው ጄት ስለሆነ የነዳጅ መያዣውን እስከ መጨረሻ አታዙሩ።

የካንዴላ ቁጥር መቀየርን እንደ ማቀዝቀዣ የሚያዩ አሉ። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው «ቀዝቃዛ» ይባላል፤ በቦሽና በቻምፒየን ተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛ ካንዴላ የራሱን ጫፍ እንጂ ሞተሩን አያቀዘቅዝም። ጫፉ ከ800 ዲግሪ በላይ ሄዶ ቤንዚኑን ቀድሞ እንዳያቀጣጥል ይጠቅማል፤ ለተራ ጉዞ ሲገባ ግን ከ450 በታች ይቀርና በጥላሸት ይዘጋል። ያለ ምክንያት አትቀይሩ።

የዘይት ማቀዝቀዣና ማራገቢያ

እንደ አፓቼ አርቲአር 200 4ቪ ያሉ ሞተሮች ከፋብሪካ ትንሽ የዘይት ራዲያተር ይዘው ይመጣሉ፤ ዘይት መውጫና መመለሻቸው ተሠርቶላቸዋል። በሌላቸው ላይ ለመግጠም የማጣሪያውን ክዳን መለወጥ ወይም መበሳት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አዲስ የማፍሰሻ ዕድል ነው፣ ትንሿ የዘይት ፓምፕም ተጨማሪውን ቱቦ ትሸከማለች። ቴስታታውንም የሚያቀዘቅዘው በተዘዋዋሪ ነው። በደጋ ለሚሠራ ሰው ጨርሶ አንመክረውም፤ በቀዝቃዛ ጧት ዘይቱ 80 ሳይደርስ ቀኑን ይውላል። በቆላ ከባድ ጭነት ለሚሸከምና ሌላውን ሁሉ አስተካክሎ ዘይቱ አሁንም ከ130 ለማይወርድለት ብቻ ነው፣ ያውም ዘይቱ ሳይሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው እንዳይሄድ የሚያግድ ቴርሞስታት ካለው።

ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ቴስታታው ፊት መግጠም የሚጠቅመው ቆሞ ለሚውል ሞተር ነው። ከ30 ወይም ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲኬድ ማራገቢያው ራሱ ነፋሱን ያግዳል። ለከተማ መጨናነቅ ከማራገቢያ ይልቅ ሞተሩን ማጥፋት ይሻላል።

ዳገት ላይና ከጋለ በኋላ

ሞተርን ከሁሉ በላይ የሚያግለው ከፍ ባለ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ መያዣውን እስከ መጨረሻ አዙሮ መጎተት ነው። ማርሽ ቀንሱ። ዙሩ ይጨምራል፣ የዘይት ፓምፑ ይበረታል፣ ነዳጁ ይቀንሳል፤ ቀለበት ያላችሁ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቅጭልጭል የሚል የብረት ድምፅ ከሰማችሁ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ነው፣ ወዲያው ነዳጅ ቀንሱ። በቁልቁለት ባለ አራት ምት ሞተርን በማርሽ መያዝ አይጎዳውም። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልለት ባለ ሁለት ምት ግን መያዣው ተዘግቶ ሲወርድ ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ይቋረጥበታል፤ በየመካከሉ ትንሽ ነዳጅ ስጡት ወይም ፍሪሲዮን ይዛችሁ በፍሬን ውረዱ።

የጋለ ሞተር ላይ ውሃ አትድፉ። ክንፎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ቴስታታው ይጣመማል። ከተቻለ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ከዚያ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ አቁማችሁ አጥፉ፤ እጅ ክንፉ ላይ ማሳረፍ እስኪቻል ጠብቁ። ከመነሳታችሁ በፊት የዘይቱን መጠን እዩ፣ አሽትቱትም፤ የተቃጠለ ሽታ ካለውና ከጠቆረ በዚያው ሳምንት ቀይሩት። ካንዴላውን ፍቱ። ነጩ ሸክላ ቡና ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ጨርሶ ከነጣና ካበጠ ድብልቁ ቀጥኗል። ሸክላው ላይ የብር ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ነጥቦች ካሉ እነዚያ ከፒስተኑ የወጡ አሉሚኒየም ናቸው፤ ያን ሞተር አስነስቶ መቀጠል አይገባም፣ በመኪና ተጭኖ ወደ ጋራዥ ይሂድና ቴስታታው ይከፈት።